ቀለም ያልነካው መሬት

ካርታ አልወድም። የታሪክ መምህርት ሆኜ ካርታ አልወድም ስል ባልደረቦቼ ይስቃሉ፤ ጋጋሪ ዱቄት አልወድም እንደማለት ይሆንባቸዋል። ርዕሰ መምህሩ በየዓመቱ መጀመሪያ «ቲቸር፣ ለክፍልሽ ካርታ ይውጣልሽ?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔም በየዓመቱ «ይቅርብኝ» እላቸዋለሁ። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ወንዝ እሥላለሁ፣ ተራራ እሥላለሁ፣ ከተማ አስቀምጣለሁ። ወሰን ግን አላሰምርም። ተማሪ «ድንበሩስ የት ጋ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ሄደህ እዚያ ያለውን ሰው ጠይቅ» ነው መልሴ። ፈተና ላይ ይመጣል እያሉ የሚያማርሩ አሉ። ይምጣ።

ይህን ቂም የያዝኩት በአንድ ካርታ ነው። የመጣው ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ ባሉት ዓመታት ነበር፤ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ «ራዕይ» እና «ተልዕኮ» የሚል ሰሌዳ በሚሰቀልበት፣ ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም አንድ ለአምስት በሚደራጅበት ጊዜ። ያመጣው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። የቡናን መገኛ ሳላይ አልሞትም ብሎ ቦንጋ ድረስ የመጣ ጡረተኛ ሲሆን፣ የድሮ ካርታ መሰብሰብ ይወዳል። ካፋ በራሷ ንጉሥ ትተዳደር በነበረበት ዘመን በእሱ አገር የታተመ አንድ ካርታ ነበረው። ዋናውን ቤቱ አስቀምጦ፣ ትልቅ አድርጎ ያሳተመውን ግልባጭ በቱቦ ጠቅልሎ ለዞኑ ስጦታ ይዞ መጣ።

ስጦታውን የተረከበው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። የእሱም የመሥሪያ ቤቱም ስም ይቅር፤ ስም ብጠራ አንድ ሰው ብቻ ያጠፋ ይመስላል። የዚሁ አገር ልጅ ነው። አባቱ በዴቻ በኩል የታወቁ ቀፎ ሰቃይ እንደነበሩ ቦንጋ ውስጥ የማያውቅ የለም። ይህንን የምነግራችሁ በኋላ «ምናልባት አላወቀ ይሆናል» ብላችሁ እንዳታዝኑለት ነው።

እኔ የተጠራሁት እንግሊዝኛ ስለምሞክርና ታሪክ ስለማስተምር ነው። አዳራሹ ውስጥ ለስላሳ ተደርድሯል፤ ባነር ተሰቅሏል። ሽማግሌው ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በአራቱ ማዕዘን ላይ የለስላሳ ጠርሙስ አስቀመጠበት። መልከ መልካም ካርታ ነበር፤ እሱን አልክድም። መስመሩና ጽሕፈቱ በጥቁር የታተመ ነው፤ ከዚያ በላይ በእጅ፣ በብሩሽ፣ በውሃ ቀለም ተቀብቷል። ካፋ ሮዝ ናት። ከጎጀብ ማዶ ያለው አገር አረንጓዴ ነው። በምዕራብ በኩል ያሉት ጎረቤቶች ብጫ ናቸው። ሽማግሌው እንደነገረኝ በዚያ ዘመን ማተሚያ ቤቶቹ ሴቶችንና ልጃገረዶችን በረድፍ ያስቀምጡ ነበር፤ አንዷ ሮዙን ትቀባና ለጎረቤቷ ታሳልፋለች፣ ያቺ ደግሞ ብጫውን። የሚቀቡት አገር የት እንዳለ የሚነግራቸው አልነበረም።

የካርታው ሠሪ ራሱም ከእነሱ የተሻለ አያውቅም ነበር። ካፋን በእግሩ አልረገጠም። ነጋዴ የነገረውን፣ ያም ነጋዴ ከሌላ ነጋዴ የሰማውን ነው ያሰፈረው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ተራራ ያለ ሲመስለው አባጨጓሬ የመሰለ ነገር እየሣለ አልፏል። ጎጀብን ወዴት እንደሚወስደው ጨንቆት አንድ ቦታ ላይ አቋርጦታል። የቦታ ስሞቻችንን እኔ ራሴ ጮክ ብዬ ካላነበብኳቸው የማላውቃቸው አድርጎ ጽፏቸዋል። ያም ሆኖ በዚህ አልተናደድኩም። በሩቅ ሆኖ መሳሳት የሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ ነው።

ዓይኔን የሳበው ሌላ ነገር ነበር። በሮዙና በብጫው መካከል ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ፣ ቀለም ያልነካው ነጭ ሰንበር አለ። እንደ ጣቴ ይሰፋል። «እዚህ ጋ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሽማግሌው ሳቀ። «ምንም» አለኝ፤ «ቀቢዋ ሁለቱ ቀለሞች እንዳይቀላቀሉባት ተጠንቅቃ ነው። ቤቴ ካሉኝ ሁለት ቅጂዎች በአንደኛው ላይ ብጫው እስከ ሮዙ ድረስ ይደርሳል፤ እንደ ቀቢዋ እጅ ይለያያል።» ይህንን ቃል በቃል ለኃላፊው ተረጎምኩለት። «አሃ፣ ገባኝ፣ ገባኝ» አለና ለካርታው ፍሬም እንዲሠራ አዘዘ። ልብ በሉልኝ፤ ተነግሮታል፤ ገብቶታልም።

ካርታው በመስታወት ሆኖ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ለእንግዳ ሁሉ ይታያል፣ ፎቶ ይነሱበታል። እኔም ረሳሁት።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር። አባቴ የሚኖረው ከዋጫ ወደ ቢታ ገነት በኩል ባለች መንደር ነው። ቦንጋ ተሳፍሬ፣ ሺሺንዳን አልፌ ዋጫ ከወረድኩ በኋላ የቀረው የእግር መንገድ ነው። ገበሬ ነው፤ እንሰትም በቆሎም አለው። ነገር ግን ማንነትህ ምንድነው ብትሉት «ቀፎ ሰቃይ ነኝ» ነው የሚላችሁ። እኔን ቦንጋ ድረስ ልኮ ያስተማረኝ የእንሰቱ ማሳ አይደለም፤ ጌተም ከምንለው ዛፍ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር ነው።

በእኛ ዘንድ ጫካ ባለቤት የሌለው ይመስላል እንጂ ባለቤት አለው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ኮቦ የምንለው ድርሻ አለው፤ ከዚህ ቀረሮ እስከዚያ ጅረት የእገሌ፣ ከጅረቱ ወዲያ የእገሌ ነው። አጥር የለውም፤ መረጃውም የሰው ቃልና ከዛፉ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ነው። ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙ፣ ማሩ የባለ ኮቦው ነው። የአባቴ ኮቦ ከአባቱ የወረሰው ሲሆን አባቱም ከአባቱ ወርሶታል። ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነው። ኮቦ ውስጥ ቤት አይሠራም፣ ምድጃ አይጎለትም። ማር ሲቆረጥ ለአንድ አፍታ ከሚያዘው ችቦ በቀር ጭስ አይገባም። ጭስ የለመደው ጫካ ንብ አያሳድርም ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ሰው ከሰፈረ ከብት ይከተለዋል፣ ከብት ከገባ የቡናው ችግኝ ይረገጣል።

ስለዚህ በእኛ አገር ጎበዝ ባለቤት ማለት ጫካው ሰው ገብቶበት የማያውቅ የሚመስል ሰው ነው። እንግዳ አይቶ «ውይ፣ እዚህ እኮ ማንም የለም» ካለ ለባለቤቱ ትልቅ ምስጋና ነው። ጎረቤት የተጣላ እንደሆነ የሚሳደበው «ኮቦህ ጭስ ጭስ ይላል» ብሎ ነው። በዚህ ስድብ የተነሳ ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ የተፈረደበትን ሰው አውቃለሁ።

ከዚያ ባለሀብት መጣ ተባለ።

ባለሀብቱን እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም፤ አባቴም አላየውም። አንዴ ቡና ይተክላል ይሉናል፣ አንዴ ሻይ ነው ይሉናል። ብቻ የሚፈልገው ሰፊ መሬት ነው፤ ሰፊውም መሬት «ባዶ» መሆን አለበት። በዚያ ዘመን እንደዚህ ቃል የሚያስፈራኝ ቃል አልነበረም። መሬት ባዶ ነው ከተባለ በኋላ እዚያ ያለው ሁሉ፣ ዛፉም ሰውየውም፣ ከቁጥር ይወጣል።

ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ተዘግቶ መንደር ሄጄ ሳለሁ ኃላፊው አንድ ኤክስፐርት አስከትሎ መጣ። ኤክስፐርቱ ከላይ የተላከ ወጣት ነው፤ ጫማው ለጭቃ አልተሠራም፣ ንግግሩ ሁሉ «ሳይት» እና «ፖቴንሻል» ነው። ስብሰባው የሚካሄደው በአርሶ አደር ማሰልጠኛው ነበር። ከዚያ በፊት ግን እንግዶቹ አባቴ ቤት ምሳ በሉ፤ አባቴ የመንደሩ አንጋፋ ስለሆነ እንግዳ የሚያርፈው እሱ ዘንድ ነው። በግ አረደላቸው። ነጩን ማር ከነሰፈፉ አቀረበላቸው። ኃላፊው ጣቱን እየላሰ «አባባ፣ እንዲህ ያለ ማር የት ይገኛል?» አለ። አባቴ ደስ ብሎት በእጁ ወደ ጫካው አመለከተ። በሬ ካራጁ ይውላል።

ማሰልጠኛው ውስጥ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥረው፣ ጄኔሬተር አስነስተው፣ ፕሮጀክተር አበሩ። አንሶላው ላይ የወጣው ምንድን ነው? ያ ካርታ ነው። ሮዙ፣ ብጫው፣ በመካከሉም ነጩ ሰንበር። ኤክስፐርቱ በቀይ መብራት እያመለከተ ያስረዳ ጀመር። ይህ ታሪካዊ ሰነድ ነው አለ። ከመቶ ዓመት በፊት እንኳ ይህ ቦታ የካፋም የጎረቤቶቹም አልነበረም፣ ባለቤት ስላልነበረው ቀለም አልተቀባም አለ። ቀዩ ነጥብ የአባቴን ኮቦና የጎረቤቶቹን ኮቦዎች እየተሻገረ ወጣ፣ ወረደ። በአነጋገሩ አገሪቱ አንድም ልብስ ለብሳ የማታውቅ፣ እሱ ሊያለብሳት የመጣ ትመስል ነበር።

ስብሰባው በአማርኛ ይሁን ተባለ፤ ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ስለሆነ። ኃላፊው የእኛን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ሰው ነው። ሆኖም በእሱና በሽማግሌዎቹ መካከል አስተርጓሚ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ስለ ፕሮጀክተሩ ቀልድ ተናግሮ ሰው ሲስቅ፣ ኃላፊው አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት አብሮ ሲስቅ አየሁት። ወዲያው ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ ትርጉሙን ጠበቀ።

ቀጥሎ ኤክስፐርቱ ጥያቄ አቀረበ፤ በአስተርጓሚው በኩል። «በዚህ ጫካ ውስጥ የሚኖር ሰው አለ? ቤት አለ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ነውር ነው፤ ቤትህ ውስጥ ሌባ አለ ወይ እንደማለት ነው። አባቴ ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። ያን ጊዜ ደረቱን እንዴት እንደነፋ ሳስታውስ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

«ማንም አይኖርበትም» አለ። «በአባቴ ጊዜ አልኖረበትም፣ በአያቴ ጊዜ አልኖረበትም። አንዲት ጎጆ አታገኙም። እሳት ነዶበት አያውቅም። ገብታችሁ ፈልጉ፤ የሰው ዱካ ብታገኙ እኔ ልቀጣ!»

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ከኋላ ያሉትም «የእኔም እንደዚያው ነው!» «የእኛም!» እያሉ ተነሡ። እያንዳንዱ የገዛ ጫካው ከጎረቤቱ ይበልጥ ባዶ መሆኑን ለማሳየት ይሽቀዳደም ነበር። አስተርጓሚው አንዲት ቃል አላጎደለም። ኤክስፐርቱ ፈገግ እያለ ይጽፍ ነበር።

እኔ ተነሣሁ። ዕድል አልጠየቅኩም፤ ጮህኩ። ሰው አይኖርበትም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፣ ቤት የሌለው ባለቤት ስላለው ነው አልኩ። ይህ ካርታ ላይ ነጭ የሆነው የቀቢዋ ብሩሽ ስላልደረሰ ነው፣ ሌላው ቅጂ ላይ ብጫ ነው፣ አንተም ይህን ታውቃለህ ብዬ በጣቴ ወደ ኃላፊው አመለከትኩ። ኃላፊው አልተቆጣም። እነሱ መቼም አይቆጡም።

«ቲቸር» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ዕድሉን ለነዋሪው እንስጥ። አንቺ እኮ የቦንጋ ነዋሪ ነሽ። የቅጂው ነገር ደግሞ ቴክኒካል ጉዳይ ነው፤ በሂደት ይታያል።»

እልኬን ያናረው ግን የአባቴ ነገር ነው። ወደ እኔ ዞሮ በካፊኖኖ «ልጄ፣ በእንግዳ ፊት አትጩሂ፤ ቤቴ በልተዋል» አለኝ። ፊቱ በኀፍረት ጠቁሮ ነበር። በእኔ ነው ያፈረው። ጥዬ ወጣሁ።

ማታ ቤት ስንገናኝ አባቴ «ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩት» አለ።

«ለዚያው ነው» አልኩት። «እውነቱን ጠይቀው በገዛ ቃልህ ያዙህ።»

አልገባውም። ሰዎቹ የሱን ማር በልተው፣ የጫካውን ንጽሕና በጆሮአቸው ሰምተው፣ እንዴት ክፉ ያስባሉ? እናቴ እንኳ ቀድማ ገብቷት ከምድጃው አጠገብ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተቀምጣ ነበር። እሱ «የተማረ ሰው ነው፣ የሰው ልጅ ነው» እያለ ስለ ኃላፊው ይሟገተኝ ነበር። ያን ማታ ከሁሉም በላይ የተናደድኩት በአባቴ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ክረምቱ ሳይገባ ሰሌዳ ተተከለ፤ ማሽን ገባ። በአባቴ ኮቦ ውስጥ የሚያልፈውን ጅረት እንደ ወሰን ይዘው ከወዲህ ያለውን ትልቁን ክፍል ወሰዱት። ቀፎዎቹን እንዲያወርድ ጥቂት ጊዜ ሰጡት፤ ግማሹን ሳያወርድ ዛፎቹ ወደቁ። ቀረሮውና ዋንዛው ጣውላ እየሆነ በጭነት መኪና በሺሺንዳ መንገድ ሲወርድ ሰዉ ቆሞ ያይ ነበር። ሻይም ቡናም ሲተከል ግን አላየንም። ጣውላው ካለቀ በኋላ ማሽኑ ወጣ፤ ሰሌዳው ቀረ፤ ቦታውን ዳዋ በላው። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ፕሮጀክተር፣ ያ ሁሉ ታሪካዊ ሰነድ።

አባቴ ቦንጋ መጣ። ሕይወቱን ሙሉ ቢሮ ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ማር በዕቃ ይዞ። «ማሩን እዚሁ ተው» አልኩት። «ባዶ እጅ አይገባም» አለ። ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ከጭንቅላታችን በላይ የተሰቀለው ያው ካርታ ነበር። አባቴ ቀና ብሎ አየውና «ያምራል» አለ። ምን እንደሆነ ነገርኩት።

ኃላፊው በክብር ተቀበለን፤ ከወንበሩ ተነሣ። በሩን ዘጋና፣ ያ በስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ያቆመው ሰው፣ ጥርት ባለ ካፊኖኖ ይናገር ጀመር። ሰው የሚሰማው ሳይኖር ቋንቋውን አገኘው።

«አባቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? አንዲት ጎጆ እንኳ ብትኖር ኖሮ ጫካውን በከለለችልዎ ነበር። መመሪያው ሰው የሚኖርበትን አትንኩ ይላል። ማንም የለበትም ብላችሁ የመሰከራችሁት እናንተው ናችሁ።»

አባቴ አልጮኸም። «የአባትህ ኮቦ ውስጥ ቤት አለ?» ብሎ ጠየቀው።

ኃላፊው ስልኩን አነሣ፣ አስቀመጠ። ብዕሩን አነሣ። ስብሰባ አለብኝ አለ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ማር ግን አልመለሰውም።

ስንወጣ እኔ የማደርገውን አጣሁ። አባቴ ፊት ፊት እየሄደ ነው፤ ጀርባው ጎብጧል። ዞር ብዬ ካርታውን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ አቆምኩት። መስበር ነበረብኝ፤ እጄ አልቻለም። ጥበቃው ሮጦ መጥቶ «ምነው እትዬ፣ እንጀራዬን ልታሳጪኝ ነው?» እያለ መልሶ ሰቀለው። ይህችን ይዘው ትምህርት ቤቱ ውስጥ በግምገማ ቀን ተነሡብኝ። በመንግሥት ንብረት ላይ ጥቃት፣ የፀረ ልማት አመለካከት፣ የጠባብነት ዝንባሌ ተባልኩ። ሒስ ዋጪ ሲሉኝ አልውጥም አልኩ። ለዓመታት ዕድገት ተከለከልኩ። ይከልክሉኝ፤ ዕድገት አይደለም የቆጨኝ።

ለበላይ ያላመለከትንበት ቢሮ የለም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ አሉ ድሮ፤ በእኛ ጊዜ ደግሞ ንጉሡ ቀርቶ ወረፋው ብቻ ነበር። አንዱ ቢሮ ለሌላው ይመራል፣ ያም ለመጀመሪያው ይመልሰናል። አንዳቸውም ግን አልተቆጡንም፤ ሁሉም «እንረዳችኋለን» እያሉ ነው በር ድረስ የሸኙን።

በተከታዩ ዓመት ሁለተኛ ዙር አለ የሚል ወሬ ተነዛ። ከጅረቱ ማዶ ያለውም ሊሰጥ ነው። እዚያ ለአባቴ የቀረችው የኮቦው ትንሿ ክፍል አለች፤ ምርጥ የሆኑት ጌተሞች ያሉባት እሷው ናት። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። ማረጋገጥም አላስፈለገም፤ መንደሩ ትምህርቱን ተምሯል።

ለፋሲካ ወደ መንደር ስሄድ ከዋጫ በእግር የሚኬደውን መንገድ ጨርሼ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ከዚያ ላይ ሆኖ ጫካው ሁሉ ይታያል። በጫካው መካከል እዚህም እዚያም ጭስ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ ቃጠሎ መስሎኝ ደነገጥኩ። ስጠጋ መንገዱ ዳር ያሉት ኮቦዎች ውስጥ ጎጆ ተሠርቷል። አንዳንዱ ሣር፣ አንዳንዱ አሮጌ ቆርቆሮ ለብሷል። ፍየል ታስሯል፣ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል። ቡናው ተረግጧል። ትናንት «ኮቦህ ጭስ ጭስ ይላል» ተባልኩ ብሎ ሽማግሌ ስላስቀመጠ ሰው ነው የምላችሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ «አባትሽ እዚያ ነው» አለችኝ። ዓይኔን ሽሽት ቡናዋን መቁላቷን ቀጠለች። ሄድኩ። ጅረቱን ተሻገርኩ።

አባቴ አሠርቶታል። እንደሌሎቹ ለታይታ አይደለም፤ እንደ ልማዱ አሳምሮ፣ ግድግዳውን በጭቃ መርጎ፣ በር አበጅቶለት ነው። ጎጆው በትልቁ ጌተም ሥር ነበር። ከዛፉ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች አፋቸው ላይ አንዲት ንብ አይታይም። በሩ ፊት ሦስት ጉልቻ አስቀምጦ፣ እሳት አንድዶ፣ ተንበርክኮ ይነፋል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከጭሱ ይሁን ከሌላ ነገር አልጠየቅኩትም።

ልጮህበት ነበር የሄድኩት። ሦስቱን ጉልቻ በእርግጫ ልበትን ነበር። «ንቡስ?» አልኩት።

«ንቡ ሄዷል» አለ። «ሄደ እንጂ አልተወሰደም። መሬቱ ካለ አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል።»

ተነሥቶ እጁን በኮቱ ጠረገ። ያንኑ የክት ኮቱን ነበር የለበሰው፤ እዚያ ጫካ ውስጥ፣ ለፎቶ። «ስልክሽ ያነሣል አይደል?» አለኝ። «ቤቱን አንሺልኝ። እኔም በሩ ላይ ልቁም። ሰው ይኖርበታል ብለሽ ለዚያ ለቦንጋው ሰውዬ ታሳዪልኛለሽ።» ሄዶ በሩ ላይ ቆመ፤ እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ።

አነሣሁት። ምን ላድርግ።

«ጭሱ ይታያል?» አለኝ።

ስልኩን አየሁት። የቅጠሉ ጥላ ፎቶውን አጨልሞታል፤ ቤቱና እሱ እንጂ ጭስ አይታይም። «አይታይም» አልኩት። አባቴ መልሶ ተንበረከከና እሳቱ ላይ እርጥብ እንጨት ጨመረበት።